ፖላንድ፤ በእናቶች ቤት የተጠበቀች አገር

የአንድ አገር ስም ከካርታ ላይ ጠፍቶ 123 ዓመት ከቈየ በኋላ ሕዝቡ በቋንቋው እየተናገረ፥ በልማዱ እየኖረ ተነሥቶ ስሙን እንደ ገና ያስጻፈ እንደ ሆነ፥ ይህን ሁሉ ዘመን አደራውን ማን ጠበቀው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሠራዊቱ እንዳንል ተበትኖ ነበረ። ንጉሡ እንዳንል ዙፋኑን ለቆ በባዕድ አገር ሞተ። ዳኝነቱ፥ ግብሩ፥ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በገዢዎች እጅ ነበረ። የቀረው ቤት ብቻ ነው፤ በቤትም ውስጥ እናት። ስለዚህ የፖላንድ ታሪክ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መውጣቱ አንባቢን አያስደንቀው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፖላንድ በአውሮጳ መካከል ያለች አገር ናት። በሰሜን የባልቲክ ባሕር፥ በደቡብ የካርፓት ተራሮች ያዋስኗታል፤ በምዕራብ ጀርመን፥ በምሥራቅ ዩክሬን፥ ቤላሩስና ሊትዌንያ ጎረቤቶቿ ናቸው። የመሬቷ ስፋት ወደ 312,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ የሕዝቧም ቍጥር ወደ 37 ሚሊዮን ይደርሳል። ስሟ የወጣው ሜዳ ወይም የእርሻ መሬት ማለት ከሆነው «ፖሌ» ከሚለው ቃል ነው ይባላል፤ በእውነትም አብዛኛው ክፍሏ ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከተራሮቿ ሁሉ የሚበልጠው በደቡብ ጫፍ ያለው ታትራ ነው፤ ሪሲ የሚባለው ጫፉ 2,499 ሜትር ነው። ደጋ ለለመደ ለእኛ አገር ሰው ይህ ከፍታ ብዙ አይመስለውም፤ እንጦጦ ላይ የቆመ ሰው ከፖላንድ ምድር ሁሉ ከፍ ብሎ ቆሟልና። ቪስዋ ወይም ቪስቱላ የሚባለው ታላቁ ወንዝ 1,047 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ፥ በጥንቱ ርእሰ ከተማ በክራኮቭና በዛሬው ርእሰ ከተማ በዋርሶ አልፎ፥ በግዳንስክ አጠገብ ከባሕር ይገባል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የፖላንድ እህል በዚሁ ወንዝ እየወረደ በግዳንስክ ወደብ በመርከብ ተጭኖ የምዕራብ አውሮጳን ከተሞች ይመግብ ነበረ። ነገር ግን ለእርሻ የተመቸው ሜዳ ለጠላት ፈረሰኛም የተመቸ ሆነ፤ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚያግድ ገደል ወይም በረሃ የለምና።

በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የሴቶች እጅ ከመጀመሪያው ይታያል። መስፍኑ ሚዬሽኮ በ966 ዓ.ም. ክርስትና የተነሣው ክርስቲያኒቱን የቦሄሚያ መስፍን ልጅ ዶብራቫን ካገባ በኋላ ነበረ። በ1384 ዓ.ም. ደግሞ ያድቪጋ ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳሉ በክራኮቭ ዘውድ ጫኑ፤ የተሰጣቸውም ስም «ንግሥት» ሳይሆን «ንጉሥ» የሚል ነበረ። የሊትዌንያን ታላቅ መስፍን በማግባታቸው የሁለቱ አገሮች ዕጣ ተያያዘ። በ1399 ዓ.ም. ሲሞቱ ጌጣቸውን በ1364 ለተመሠረተው ለክራኮቭ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዙ፤ ተዳክሞ የነበረው ትምህርት ቤት በዚያ ሀብት በ1400 ዓ.ም. ታደሰ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ብሎ ያስተማረው ኮፐርኒክ ኋላ የተማረው በዚሁ ቤት ነው። መቃብራቸው በተከፈተ ጊዜ ከአጽማቸው ጋር የተገኘው በትረ መንግሥት ከእንጨት የተሠራ ነበረ።

አገሪቱ ከሊትዌንያ ጋር ሆና በአውሮጳ ከነበሩት ሰፋፊ መንግሥታት አንዷ እስከ መሆን ደረሰች። የወደቀችበት ምክንያት ግን ለመኳንንት ትምህርት የሚሆን ነው። በፖላንድ ንጉሥን የሚመርጡት መኳንንቱ ነበሩ፤ በጉባኤያቸውም አንድ መኰንን ብቻውን ተነሥቶ «አልፈቅድም» ያለ እንደ ሆነ የተመከረው ሁሉ ይፈርስ ነበረ። ይህን ሥልጣን ነፃነታችን ይሉት ነበረ። የጎረቤት ነገሥታትም ይህንኑ እያዩ ለአንዱ መኰንን ወርቅ በመስጠት ጉባኤውን ሁሉ ለማፍረስ ቻሉ። በግንቦት 3 ቀን 1791 ዓ.ም. በታወጀው ሕገ መንግሥት ይህ ልማድ ተሻረ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበረ። ሩሲያ፥ ፕሩሲያና ኦስትርያ በ1772፥ በ1793 እና በ1795 ዓ.ም. አገሪቱን እየቈረሱ ተከፋፈሏት፤ በኋለኛው ክፍፍል ላይ ኦስትርያና ፕሩሲያ ከሩሲያ ጋር አንድ ጋት መሬት እንኳ አላስቀሩም። በ1797 ዓ.ም. ደግሞ የፖላንድ መንግሥት የሚለው ስም ዳግመኛ እንዳይጠራ በምስጢር ተዋዋሉ። መሬት መውሰድ የተለመደ ነገር ነው፤ ስምን ለመቅበር ውል መጻፍ ግን የፈሪ ሥራ ይመስላል።

ሕዝቡ በ1830 እና በ1863 ዓ.ም. በሩሲያ ላይ በጦር መሣሪያ ተነሣ፤ ሁለቱም ጊዜ ተሸነፈ። ከኋለኛው በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ሲቤርያ ተጋዙ። ያን ጊዜ የሴቶቹ ሥራ ታየ። በ1861 ዓ.ም. በዋርሶ አደባባይ አምስት ሰዎች በጥይት ከተገደሉ ጀምሮ የፖላንድ ሴቶች ጥቁር ለብሰው ወርቃቸውንና ዕንቋቸውን አስቀምጠው ነበረ፤ በምትኩም ከጥቁር ብረት የተሠራ መስቀልና የእሾኽ አክሊል ምስል ያለበት ጌጥ ያደርጉ ነበረ። የሩሲያ ሹማምንት ይህን አይተው፥ የሞተባት ዘመድ ሳይኖር ጥቁር የለበሰች ሴት መቀጫ እንድትከፍል አዘዙ። ለአገር ማልቀስ በገንዘብ የሚያስቀጣ ሆነ። ይህ የብረት ጌጥ ዛሬ በፖላንድ ቤተ መዘክሮች ውስጥ ይታያል፤ በብዙ ቤትም ከአያት ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ቈይቷል።

ቀጥሎ የሩሲያ መንግሥት የአገሪቱን ስም ከመዝገብ ሰርዞ «የቪስቱላ ዳርቻ አገር» ብሎ ጠራት፤ ትምህርት ሁሉ በሩሲያ ቋንቋ እንዲሆንም አዘዘ። ይህ ትእዛዝ በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንዳደረገ ለማየት ከስክዎዶቭስኪ ቤተ ሰብ የተሻለ ምስክር የለም፤ ኋላ በዓለም ሁሉ ማዳም ኩሪ ተብላ የታወቀችው ማሪያ በ1867 ዓ.ም. በዋርሶ የተወለደችው ከዚህ ቤት ነውና።

አባትና እናት ሁለቱም አስተማሪዎች ነበሩ። አባትየው በሩሲያ ሹማምንት ዘንድ ስላልተወደደ ከነበረበት ሥራ ዝቅ ተደረገ፤ ገቢው በመጕደሉም ተማሪዎችን በቤቱ እያሳደረ በክፍያ ይቀልብ ጀመር። በእነዚህ ልጆች ተስቦ ገባና ታላቂቱ ልጅ ዞፍያ ሞተች። እናቲቱ ብሮኒስዋቫ ቀድሞ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ነበረች፤ ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ግን የጫማ ስፌት ተምራ የልጆቿን ጫማ በገዛ እጇ ትሰፋ ነበረች። የሳንባ ነቀርሳ ስለ ያዛት የምትበላበትን ዕቃ ለየች፤ ልጆቿንም መሳም ተወች። ሕፃኒቱ ማሪያ ምክንያቱን ሳታውቅ እናቷን እየተጠጋች ፀጕሯን ብቻ እንድትዳብሳት ትጠብቅ ነበረ። እናቲቱ በ1878 ዓ.ም. ስትሞት ማሪያ 10 ዓመቷ ነበረ።

በምትማርበት ትምህርት ቤት ሁለት የሰዓት ዝርዝር ነበረ፤ አንዱ ለመንግሥት የሚታይ፥ ሁለተኛው እውነተኛው። የፖላንድ ታሪክ በዝርዝሩ ላይ «የዕፀዋት ትምህርት» ተብሎ ተጽፎ ነበረ። መርማሪው ሲመጣ ከበር በኩል ደወሉ በምልክት ይደወላል፤ ልጆቹም የፖላንድ መጻሕፍታቸውን በሽርጣቸው ሰብስበው ወስደው ደብቀው፥ መርፌና ጨርቅ ይዘው የቍልፍ ቀዳዳ ሲሰፉ ይገኙ ነበረ። አንድ ቀን መርማሪው ተማሪ ይነሣልኝ ባለ ጊዜ መምህርቲቱ ማሪያን አስነሣቻት፤ በሩሲያ ቋንቋ ከሁሉ የበለጠች እርስዋ ነበረችና። አቡነ ዘበሰማያትን በሩሲያ ቋንቋ አስባላት፤ የነገሥታቱን ስም በተራ አስቈጠራት፤ በመጨረሻም የሚገዛችሁ ማን ነው ብሎ ጠየቃት። ልጅቱም የዛሩን ስም ከነማዕርጉ ተናገረች። መርማሪው ደስ ብሎት በሄደ ጊዜ በመምህርቲቱ ፊት አለቀሰች። ልጅን የሚያሳድግ ሁሉ ይህን ነገር ያስተውለው፤ መልሱን ማወቅና መልሱን ማመን ሁለት ነገር መሆኑን የ10 ዓመት ልጅ በልብሷ ስፌት መካከል ተማረችው።

በ1883 ዓ.ም. በወርቅ ሜዳልያ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ይሁን እንጂ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበረ። ስለዚህ «በራሪው ዩኒቨርሲቲ» ወደሚባለው ገባች። ይህ ስም የተሰጠው በአንድ ሥፍራ የማይቀመጥ ስለ ሆነ ነው፤ ፖሊስ እንዳያገኘው ዛሬ በአንዱ ቤት፥ ነገ በሌላው ቤት ሳሎን ይሰበሰብ ነበረ። አስተማሪዎቹ የታወቁ ሊቃውንት፥ ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ እስከ 1905 ዓ.ም. ድረስም በስውር ኖረ። እንግዲህ የቤት እመቤት እንግዳ መቀበያ ክፍሏን ለሁለት ሰዓት መልቀቋ ለዩኒቨርሲቲ ሕንፃ መስጠት ያህል ነበረ። ማሪያም ኋላ በገጠር በአንድ ባለጠጋ ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ስትቀጠር፥ የገበሬዎቹን ልጆች ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ሰብስባ የፖላንድን ፊደል ታስተምር ነበረ፤ ይህ ቢታወቅ ቅጣቱ ወደ ሲቤርያ መጋዝ ሊሆን ይችል ነበረ። ከደመወዟም እየቀነሰች በፓሪስ ሕክምና ለምትማረው እኅቷ ለብሮኒስዋቫ ትልክላት ነበረ፤ እኅቲቱ ስትጨርስ ደግሞ በተራዋ ማሪያን እንድታስተምር ቃል ተገባብተው ነበርና። በ1891 ዓ.ም. ማሪያ ወደ ፓሪስ ሄደች። በ1898 ዓ.ም. ከባሏ ከፒዬር ኩሪ ጋር አዲስ ንጥረ ነገር ባገኘች ጊዜ፥ በካርታ ላይ በሌለችው አገሯ ስም «ፖሎኒዩም» ብላ ሰየመችው። በ1797 በምስጢር የታገደው ስም እንዲህ ሆኖ በዓለም መጻሕፍት ሁሉ ተጻፈ። በ1903 እና በ1911 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች፤ በፓሪስ የወለደቻቸውን ሁለት ሴቶች ልጆችም የፖላንድን ቋንቋ አስተማረቻቸው።

በፕሩሲያ እጅ በነበረው ክፍል ደግሞ ጦርነቱ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሆነ። የጀርመን ቋንቋ በትምህርት ሁሉ ገብቶ፥ በፖላንድ ቋንቋ የቀረው የሃይማኖት ትምህርት ብቻ ነበረ። በ1901 ዓ.ም. ያም እንዲለወጥ በታዘዘ ጊዜ በቭዤሽኛ ከተማ ያሉት ሕፃናት በጀርመንኛ አንመልስም አሉ። ግንቦት 20 ቀን 14 ልጆች በበትር ተገረፉ። የልጆቻቸውን ለቅሶ የሰሙ እናቶችና ሌሎች ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ጮኹ። መንግሥትም የገረፉትን ትቶ የጮኹትን ከሰሰ፤ በግኒዬዝኖ ከተማ በተፈረደው ፍርድ ኔፖሙጼና ፒያሴጽካ የተባለች እናት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈረደባት። ሰውን የገደለ ወይም የሰረቀ ሰው አልነበረችም፤ ልጆች እግዚአብሔርን በእናታቸው ቋንቋ ይለምኑ በማለቷ ነው። ታላቁ ደራሲ ሄንሪክ ሼንኬቪች ይህን በደል ለዓለም ጻፈ፤ ወሬውም በአውሮጳ ጋዜጦች ተሰማ። ነገሩም በዚያ አላበቃም፤ በ1906 እና በ1907 ዓ.ም. ወደ 75,000 የሚሆኑ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ያንኑ አደረጉ። ሕፃናትን በመንግሥት ፊት ማቆም ተገቢ ነውን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በትሩን ወደ ጸሎት ሰዓት ያገባው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

በዚያው ክፍል የሆነ አንድ ነገር ደግሞ ከቍጣ ይልቅ ሳቅ አምጥቷል። በ1904 ዓ.ም. የፕሩሲያ መንግሥት የፖላንድ ገበሬ ያለ ፈቃድ አዲስ ቤት እንዳይሠራ ሕግ አወጣ። ሚሃው ድዢማዋ የሚባል ገበሬ መሬት ገዝቶ የቤት ፈቃድ በተከለከለ ጊዜ፥ የሰርክ ተጫዋቾች የሚኖሩበትን ባለ መንኰራኵር ሠረገላ ገዝቶ ቤተ ሰቡን በእርሱ አገባ። ሕጉ በአንድ ሥፍራ ከ24 ሰዓት በላይ የቆመውን ማደሪያ እንደ ቤት የሚቈጥር ስለ ሆነ፥ ድዢማዋ ሠረገላውን በየቀኑ በገዛ መሬቱ ላይ ጥቂት ፈቀቅ ያደርገው ነበረ። ሹማምንቱ ክስና መቀጫ እያመጡ፥ እርሱም እየተከራከረ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ መሬቱን ለመልቀቅ ተገደደ፤ ነገር ግን አንድ ታላቅ መንግሥት ከአንድ ሠረገላ ጋር ሲታገል ዓለም አይቶ ስቆ ነበረ። ምግብ በተንቀሳቃሽ ቤት ስታበስል የኖረችው ሚስቱ ስሟ በብዙ መጽሐፍ አይነሣም፤ የዚህ ጽሕፈት ጸሐፊ ግን የትግሉ እኵሌታ የእርስዋ እንደ ነበረ ይገምታል።

ቤቱ የሕዝቡ ማኅደር መሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ግን በልደት ዋዜማ ነው። ይህም ማታ «ቪጊልያ» ይባላል፤ ታኅሣሥ 24 ቀን ይውላል። ቤተ ሰቡ ቀኑን በጾም ውሎ የመጀመሪያዪቱ ኮከብ እስክትታይ ይጠብቃል፤ ኮከቧን እንዲያዩ የሚላኩት ሕፃናቱ ናቸው። ጌታ በበረት መወለዱን ለማሰብ ከገበታው ጨርቅ በታች ጥቂት ድርቆሽ ይነጠፋል። ማንም ከመብላቱ በፊት «ኦፕዋቴክ» የተባለውን እንደ ወረቀት የሳሳ ነጭ ኅብስት ይዞ፥ አንዱ ከሌላው ቈርሶ እየበላ፥ መልካም ምኞቱን እየነገረ፥ የተጣላም እየታረቀ ይዞራል። ምግቡ ሥጋ የሌለበት ነው፤ በብዙ ቤትም እንደ ሐዋርያት ቍጥር 12 ዓይነት ይሆናል። ከቀይ ሥር የተሠራ ሾርባ፥ እንጉዳይ፥ ጎመን፥ ዓሣ፥ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ ይቀርባል፤ በምሥራቁ ክፍል ደግሞ ስንዴ በማር ተለውሶ ይበላል። በማር የሚጣል መጠጥም አላቸው፤ «ሚዩድ» ይሉታል፥ የእኛ ጠጅ ዘመድ ነው። የገናን ዋዜማ በጾም የሚውል አንባቢ በዚህ ገበታ ብዙ እንግድነት የሚሰማው አይመስለንም።

በገበታው ላይ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ሳሕን ይቀመጣል። ድንገት ለሚመጣ እንግዳ ወይም መንገደኛ ነው ይላሉ፤ በመጋዝ ዘመን ግን ብዙ ቤተ ሰብ በሲቤርያ ያለውን አባት ወይም ወንድ ልጅ ያስብበት ነበረ። ኦፕዋቴኩ ቀጭን ስለ ሆነ በደብዳቤ ውስጥ ይገባል፤ ከዘመድ የራቀ ሰውም ቍራሹን በፖስታ እየተቀበለ ከቤቱ ሰዎች ጋር እንደ በላ ይቈጥረዋል። ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም።

ይሁን እንጂ ቤት ብቻውን ሁሉን አደረገ ማለት ከእውነት መራቅ ነው። ፊደል ያላት እናት ፊደል ታስተምራለች፤ የሌላት ጸሎትና ዘፈን ታስተምራለች። በኦስትርያ እጅ የነበረው ክፍል ከ1860ዎቹ ዓመታት ወዲህ በገዛ ቋንቋው የሚማርባቸው ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩት፤ ነገር ግን ገበሬው እጅግ ድኻ ነበረ። በኅዳር 11 ቀን 1918 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ በወጣች ጊዜ ሦስት ዓይነት ሕግ፥ ሦስት ዓይነት ገንዘብ የለመደ ሕዝብ ተረከበች፤ ከሰዎቿም ሢሶው ያህል ማንበብ አያውቅም ነበረ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካወጣቻቸው አዋጆች አንዱ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው የኅዳር 1918 አዋጅ፥ ሌላውም ልጆች ሁሉ እንዲማሩ ያስገደደው የ1919 አዋጅ ነበረ።

ከ21 ዓመት በኋላ መከራው ተመለሰ። በመስከረም 1939 ዓ.ም. ጀርመን ከምዕራብ፥ ሶቭየት ኅብረት ከምሥራቅ ገቡ። ኅዳር 6 ቀን ጀርመኖች የክራኮቭን መምህራን ለስብሰባ ብለው ጠርተው 183 ሰዎች ይዘው ወሰዱ፤ ዩኒቨርሲቲዎችንና ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን ዘጉ። ያን ጊዜ በአያቶቻቸው ዘመን የነበረው ዘዴ እንደ ገና ተነሣ፤ መምህራን በስውር ተደራጅተው ልጆችን በየቤቱ እያስተማሩ የምስክር ወረቀት እስከ መስጠት ደረሱ። የተያዘ ሞት ወይም የመከራ ሰፈር ይጠብቀው ነበረ። በዚህ ጦርነት ከፖላንድ ዜጎች ወደ 6 ሚሊዮን ሞቱ፤ ከእነዚህም እኵሌታው ያህል አይሁድ ነበሩ። ለእነርሱ ግን ትርፍ ሳሕን የሚያስቀምጥላቸው ቤት እንኳ አልቀረም፤ ብዙ መቶ ዓመት በፖላንድ የኖረው የአይሁድ ቤተ ሰብ ሕይወት ከነቋንቋው ከነመጽሐፉ ጠፋ።

ከዚያ ዘመን ወሬ አንዱ ወደ እኛው ክፍለ ዓለም ይደርሳል። በ1940 ዓ.ም. ሶቭየቶች በምሥራቅ ፖላንድ ከያዟቸው ሰዎች በመቶ ሺህ የሚቈጠሩትን ወደ ሲቤርያና ወደ ካዛክስታን አጋዙ። በ1941 ዓ.ም. ጀርመን በሶቭየት ላይ በተነሣች ጊዜ ከእነርሱ ከፊሎቹ ተለቀቁ፤ ብዙ ሴቶችና ልጆችም በ1942 ዓ.ም. ከፖላንድ ጦር ጋር ወደ ኢራን ወጡ። ከዚያም ወደ 18,000 የሚሆኑት በመርከብ ወደ አፍሪካ ተላኩ። ትልቁ መንደራቸው በዛሬዪቱ ታንዛንያ በሜሩ ተራራ ሥር ያለው ቴንጌሩ ነበረ፤ ወደ 5,000 ሰዎች በክብ ጎጆዎች ውስጥ ሰፈሩበት፤ አብዛኞቹ እናቶችና አባት የሌላቸው ልጆች ነበሩ። ከበረዶ አገር የመጡት እነዚህ ሴቶች በምድር ወገብ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ አትክልት ተከሉ፤ ትምህርት ቤት ከፍተው ልጆቻቸውን በፖላንድ ቋንቋ አስተማሩ፤ የልደትንም ዋዜማ በሙዝ ተክል መካከል ኮከብ እየጠበቁ አከበሩ። ከጦርነቱ በኋላ የትውልድ ሥፍራቸው በሶቭየት ኅብረት ወሰን ውስጥ ስለ ገባ ብዙዎቹ የሚመለሱበት ቤት አላገኙም፤ ወደ እንግሊዝ፥ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራልያ ተበተኑ። ጥቂቶች በዚያው ቀሩ። በቴንጌሩ የሞቱትም ሰዎች መቃብር፥ በመስቀሎቹ ላይ በፖላንድ ፊደል የተጻፈው ስማቸው ሳይጠፋ፥ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠበቃል።